«አላጨስኩም በል» አንበላቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ዲሲ አካባቢ ስንት የሐበሻ ልጅ ኮምፒዩተር ተምሮ የመንግሥት ኮንትራት ሥራ እንደሚያመለክት ታውቃላችሁ። ሥራው ደህና ይከፍላል፤ ግን ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ ለማየት የሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ፣ ይጠይቃል። ብዕር ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ለአዋቂዎች ማሪዋና መያዝን ፈቅደዋል። ልጆቻችን «ሕጋዊ ነው» ሲሉን አልዋሹም። ክሊራንስ የሚሰጠው ግን የፌዴራል መንግሥቱ ነው። ለክሊራንስ የሚሞላው ኤስኤፍ 86 የሚባለው ፎርም ስለ አደንዛዥ ዕፅ በሚጠይቀው ክፍል 23 ላይ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ከሆነ መልስ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ያለፉትን 7 ዓመታት ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ፎርም ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ። ኩሽና ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ። ክፍል 23 ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ኮሌጅ እያለ ጥቂት ጊዜ አጭሷል። እናቱ ሲኒ እያለቀለቀች «አላጨስኩም በልና እለፈው፤ ማን አየህ?» አለችው። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፎርሙን የሚያጣራው የመንግሥት መርማሪ አብረውት ይኖሩ የነበሩትን ልጆች አነጋገረ። አንደኛው ያየውን ተናገረ። ክሊራንሱ ተከለከለ። በመጣለት ደብዳቤ ላይ ከማጨሱ ይልቅ ጎልቶ የተጻፈው መዋሸቱ ነበር።

እውነቱን ቢጽፍ ኖሮ ዕድል ነበረው። በ2021 መጨረሻ የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተር የነበሩት አቭሪል ሄንስ ባወጡት መመሪያ፣ ድሮ ማጨስ ከግምት ይገባል እንጂ ብቻውን ሰውን አይጥልም። ስንት ጊዜ ነበር? መቼ አቆመ? ይደግመው ይሆን? የሚታየው ይኼ ነው። ፎርሙ ራሱ በዚህ ክፍል የሰጠኸው እውነተኛ መልስ በወንጀል ክስ ማስረጃ አይሆንብህም ይላል። ውሸት መጻፍ ግን እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው።

አሁንም እያጨሰ ያለ ልጅ ግን መጀመሪያ ያቁም። በ2008 የወጣ ሕግ ለእንዲህ ያለ ሰው ክሊራንስ እንዳይሰጥ ይከለክላል።

እኛ ትልልቆቹም ራሳችንን እንይ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው። «ባህላችን ነው» ማለት እዚያ ቢሮ አያዋጣም።

ችግሩ ገመና መሸፈን ለምዶብን ነው። እናቱ ክፋት አስባ አይደለም፤ ልጇን ያዳነች መስሏት ነው። ፎርሙን አንብባው ብታውቅ ኖሮ እንዲህ አትለውም ነበር። ስለዚህ አደራ፣ ክፍል 23ን በአማርኛ ተርጉማችሁ አውጡልን። የእህቴ ልጅ አሁን ሌላ ሥራ ይዟል። ታናሽ ወንድሙ ግን ዘንድሮ ኮሌጅ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አጎት፣ ከአሌክሳንድሪያ