«አርጅታ ነው የሞተችው» ላሉኝ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የወረዳችን የእንስሳት ጤና ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በግል ብዬ ብዬ ስላልሆነልኝ ነው። ኅዳር ላይ ስለ አንድ የታመመ ውሻ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ኅዳር 18 ቀን የቀበሌውን ማህተም አስመትቼ ማመልከቻ አስገባሁ፤ መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶኛል። ታኅሣሥ ላይ በአካል መጣሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ጥር ላይ ደግሜ መጣሁ። የወረዳውን ስም እዚህ አልጠቅስም፣ የእርስዎንም አልጠቅስም። ማንንም ላሳጣ አልተነሳሁም። አንድ የተጻፈ ነገር እንዲታረም ነው የምፈልገው።

ጥር ላይ ያናገሩኝ ቆመው ነበር። ስለ ሞተችው ቀይ ቀበሮ ነገርኩዎት። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዋን አሳየሁዎት። አንድ ጊዜ አየት አደረጉና «ጥርሷን ተመልከተው እንጂ መምህር፣ አርጅታ ነው የሞተችው» አሉኝ። ከዚያ ወጡ።

ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ አለቀቀችኝም። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

እውነት ነው፣ አሮጊት ነበረች። የፊት ጥርሶቿ ከድዷ እኩል ሆነዋል። ክራንቻዎቿ ተበልተው አጥረዋል። የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የለየናት በዚያች ጆሮ ነው። ተማሪዎቼ «እሜቴ» ይሏታል። መጀመሪያ ሳያት ግልገሎች ነበሯት፤ ስለዚህ ሲያንስ ስምንት ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። ለዱር ቀይ ቀበሮ ይህ ረጅም ዕድሜ ነው።

እኔ ግን ያነሳሁት ጥርሷን ብቻ አይደለም። ቀጣዩን ፎቶ ቢያዩልኝ ኖሮ ሆዷን ያገኙ ነበር። ጡቶቿ ሞልተው ነበር። ዙሪያቸው ያለው ጸጉር ግልገሎች ሲጠቡት ተመልጧል። እሜቴ በሞተችበት ሳምንት ታጠባ ነበር።

ደግሞ ብቻዋን አልሞተችም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዚያው ቤተሰብ ሌሎች ሦስት ሞተው አገኘን። ሁለቱ ሴት ልጆቿ ናቸው። ሦስተኛዋ አምና የተወለደች ናት፤ ጥርሷ ነጭ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ። እሷም አርጅታ ነው?

ነገሩ የጀመረው በውሻ ነው፤ ይህንንም በስልክ ነግሬዎታለሁ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ማንም የማያውቀው ውሻ ከታች መጣ። አፉ ይዝረከረካል፣ የኋላ እግሮቹ ይወላከፋሉ። አንዲት አህያ ነከሰ፣ ሁለት የእረኛ ውሾች ነከሰ። እረኞቹ በድንጋይ ገደሉት። አህያዋ ከሳምንታት በኋላ ሞተች። ከተነከሱት ውሾች አንዱ ወደ ጓሳው ሸሽቶ ጠፋ። ጓሳው ደግሞ የእሜቴ ቤት ነው። ቀይ ቀበሮዎች ማለዳና ማታ ተሰብስበው አፍ ለአፍ እየተላላሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዱ ከታመመ በሽታው ለሁሉም ሊደርስ ይችላል።

የእሜቴን ሬሳ ያገኘነው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ አንድ የጅብራ ግንድ ሥር። አብሮኝ ያለው በዕድሜ የገፋ የጥበቃ ስካውት ነበር። በእጃችን አልነካናትም። ወዲያው ወደ ቢሮዎ ደወልን፤ «ነገ ባለሙያ ይመጣል፣ ጠብቁ» ተባልን። ጅብና አሞራ እንዳይበላት ዙሪያዋን ድንጋይ ካብንና ጠበቅን። ሌሊቱ ውርጭ ነበር። ስካውቱ ጋቢውን ለሁለት እንልበሰው አለኝ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። ባለሙያ አልመጣም። ሁለተኛውንም ሌሊት አደርን። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሲበረታ ሽታው ተነሳ። የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን የሚለየው የአንጎል ናሙና ነው፤ አንጎል ደግሞ ከበሰበሰ ለምርመራ አይረባም። በጥልቅ ቆፍረን ቀበርናት። በምን እንደሞተች ዛሬም በእርግጠኝነት አናውቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ይሁን ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ የውሾች በሽታ ለማወቅ የነበረን ዕድል ያ ብቻ ነበር፣ አመለጠን።

ነዳጅ እንዳልነበረ ሰምቻለሁ። ነዳጅ የለም ማለት አንድ ነገር ነው። «አርጅታ ነው» ማለት ግን ሌላ ነው፤ ምንም መጣራት የለበትም ማለት ነው።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለልጆች ስለ እርጅና ሳስተምር ከአይጥ ነው የምጀምረው። የሜዳ አይጥን ጭልፊት ይበላታል፣ ቀይ ቀበሮ ይበላታል፣ ብርድ ይገድላታል። አብዛኞቹ ዓመት እንኳ አይሞላቸውም። ስለዚህ አይጥ ትቸኩላለች። ቶሎ ታድጋለች፣ ቶሎ ትወልዳለች፣ ብዙ ትወልዳለች። ሰውነቷን ለአሥር ዓመት የሚያቆይ ጥገና ብታደርግለት የሚጠቅማት ነገር የለም፤ እዚያ ዕድሜ አትደርስምና። ብሪታኒያዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይህንኑ ነው። ጉዳቱ በስተርጅና ብቻ የሚታይ ባሕርይ በተፈጥሮ ምርጫ በደንብ አይጣራም። እስኪታይ ድረስ ባለቤቱ ወልዶ አስተላልፎታል፣ ወይም በሌላ ነገር ሞቷል።

ቀይ ቀበሮ የመጣችው በሌላ መንገድ ነው። አያቶቿ ተኩላ መሰል አራዊት ናቸው፤ ከ100 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ከሰሜን ወደ እኛ ተራሮች እንደመጡ ይገመታል። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ብርድ ባለበት፣ አይጥ በሞላበት፣ ትልቅ አዳኝ አውሬ በማይበዛበት ቦታ ኖረች። እዚያ መቸኮል አላስፈለጋትም። በአንድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ሴት ናት፣ በዓመት አንዴ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ። ከጉድጓድ የሚወጡት ግልገሎች ከሁለት እስከ ስድስት ቢሆኑ ነው። ሌሎቹ ልጆቿና ዘመዶቿ አድነው ይመጣሉ፣ ከሆዳቸው መልሰው ግልገሎቹን ያበላሉ፣ ጉድጓዱን ይጠብቃሉ። ጥቂት ወልዶ፣ ተጋግዞ አሳድጎ፣ ረጅም መኖር ነው ስልታቸው።

የዱር እንስሳ አያረጅም የሚሉ ሳይንቲስቶችም ነበሩ፤ ሁሉም ሳያረጅ ይሞታል ብለው ያምኑ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ረም በምትባል ደሴት ያሉ አጋዘኖችን ግን ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት አንድ በአንድ ከልደት እስከ ሞት ተከታትለዋል። እርጅና በግልጽ ታየ። በወጣትነታቸው ብዙ የወለዱ እናቶች በስተርጅና ፈጥነው እንደሚደክሙም አዩ። ይህ ሁሉ የታወቀው አንድ ሰው እየሄደ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ ስለመዘገበ ነው። እኛ ዘንድ መዝጋቢው እርስዎ ነዎት።

እሜቴም ደክማ ነበር፣ አልክድም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከአይጥ ጉድጓድ ፊት አድብታ ትቆይና ሳትይዝ ትመለስ ነበር። ግልገሎች ስለነበሯት ግን ልጆቿ ያበሏት ነበር፤ እሷም ማጥባቷን ቀጠለች። የደከመ ሰውነት በሽታ ቢጥለው ገዳዩ በሽታው ነው። የሦስት ወጣቶች ሬሳ አጠገቧ ተኝቶ ደግሞ እርጅናን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ከእሷ ሞት በኋላ የሆነውን ልንገርዎት። በቀይ ቀበሮ ዘንድ ዋናዋ ሴት ስትሞት ብዙ ጊዜ ቦታዋን የምትወርሰው ልጇ ናት። ወንዶቹ በተወለዱበት ይቀራሉ። ሴቶቹ ግን ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ ቤቱን ትተው ይሄዳሉ። ቦታ ጠብቀው የቀሩት ሁለቱ ልጆቿ አብረዋት ሞቱ። ስምንት ከነበሩት አራት ቀሩ። አራቱም ወንድ ናቸው። ግልገሎቹን አንድ ቀን ጠዋት ከጉድጓዱ አፍ ላይ አየናቸው፣ ሁለት ነበሩ። ከሳምንት በኋላ አንዳቸውም አልነበሩም። አሁን ከሌላ ቤተሰብ አንዲት ሴት እስክትመጣ አራቱ ወንዶች ባዶ ቦታ ይጠብቃሉ። በመካከል ደግሞ የገብስ ማሳ አለ፣ ጎጆ አለ፣ ያልተከተበ ውሻ አለ።

ባሌ ላይ የሆነውን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። በዌብ ሸለቆ በ1991 እና 92፣ ከዚያም በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከቀይ ቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ከዚያም ሲያገግሙ ጊዜ ወሰደባቸው። ምግብ ስላጡ አልነበረም፣ አይጡ ሞልቷል። አዲስ ቤተሰብ እስኪመሠረት ዓመታት ስለሚያልፉ ነው። በ2003 መንግሥት ፈቅዶ ቀበሮዎቹ ራሳቸው ተከተቡ፤ በሽታው ወደሌሎቹ ሸለቆዎች እንዳይሻገር ማገድ ተቻለ። እንዲህ መሥራት የተቻለው ደግሞ ሬሳ ተገኝቶ፣ ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱ ቶሎ ስለታወቀ ነው። በመላው ዓለም ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ሁሉም ያሉት እዚህ አገር ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። በጎጃም ጮቄ ተራራ ጠፍተዋል። እኛ ዘንድ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የካቲት ላይ በቀበሌ ስብሰባ የግማሽ ዓመት ሪፖርት ተነበበ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። «በወረዳው የተከሰተ የእንስሳት በሽታ፦ የለም» ይላል። አራት ቀይ ቀበሮ፣ አንዲት አህያ፣ ሁለት የተነከሱ ውሾች፣ ቁጥር ያለው ማመልከቻ፣ ሁሉም በዚያ አንድ ቃል ጠፉ። የአህያዋ ባለቤት አጠገቤ ነበሩ። መሬት መሬት ያዩ ነበር። የእንስሳት በሽታ መከላከልና መቆጣጠር ሕጉን እርስዎ በሥራዎ ያውቁታል። የበሽታ ጥርጣሬ ሲኖር ምን መደረግ እንዳለበት እኔ ላስታውስዎት አይገባም ነበር።

«የለም» ተብሎ ከተጻፈ ክትባት አይላክም። ክትባት ካልተላከ ክረምት ሲገባ እነዚያው ውሾች ከእረኛ ጋር እንደገና ጓሳው ላይ ይወጣሉ። ነገሩም የቀበሮ ብቻ አይደለም። የክፍሌ ልጆች ብርድ ሲበረታ ከውሻቸው ጋር ተቃቅፈው ነው ከብት የሚጠብቁት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰው ጋ የሚደርሰውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ከ100 ውሻ 70ው ቢከተብ ስርጭቱ ይቆማል። በእኛ ቀበሌ ዘንድሮ የተከተበ አንድም ውሻ የለም። ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ሪፖርቱ ይታረም፤ በሽታ መጠርጠሩ፣ ናሙና አለመወሰዱም ይጻፍ። ከሰኔ በፊት በጓሳው ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ውሾች ይከተቡ። ውሾቹን አስሮ የሚያቀርብ ሰው ከፈለጉ እኔና የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አለን። ስካውቶቹም ፈቃደኛ ናቸው፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ናሙና የሚወስድ አንድ ባለሙያና በረዶ የሚይዝ አንድ ሳጥን ይመደብ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስንደውል የሚነሳ ሰው ይኑር።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮዎ እመጣለሁ። የአህያዋ ባለቤትም አብረውኝ ይመጣሉ። ፎቶዎቹን አሳትሜያቸዋለሁ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በደጋው ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር