የእማዬ ፊት

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳሽ እህቴ፤

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ እንቢ አለኝ። ይህን ያህል ዘመን ድምፅን አጥፍቶ እንዲያ ብሎ መጀመር ድፍረት ነው። ከሄድሽ ሰባት ዓመት ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለበዓል እንኳን እንደዋወል ነበር፤ ኋላ ለበዓልም ቀረ። ጥፋቱ የማን ነው ብለን አንከራከር፤ ግማሹን እኔ ወስጃለሁ፤ የቀረውን አንቺ እንደ ፍጥርጥርሽ።

ልትሄጂ ሦስት ቀን ሲቀርሽ እማዬን ልትሰናበቻት የመጣሽበትን ቀን መቼም አትረሺውም። ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተሽ ተነሣሽ። ጉንጭሽን ስማ መረቀችሽ፤ ምርቃቱ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። እስከ አጥሩ በር ስሸኝሽ ያልሽኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «የጋሼን ቀብር ስላልደረስኩ እማማ ተቀይመውኛል። አንድ ጊዜ እንኳን ፈገግ አላሉልኝም። እንዴት አፍጥጠው እንደሚያዩኝ አላየሽም?» «ኧረ በፍጹም» ልልሽ ሲገባኝ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እውነትሽን መስሎኝ ነው። በእኔም ላይ ፊቷ ከጠቆረ ዓመት አልፎት ነበርና።

እማዬ አልተቀየመችሽም። ታማ ነው፤ ሕመሟ ፓርኪንሰን ይባላል። ይህን ደብዳቤ የማስረዝመው ይህችን አንድ ነገር በደንብ እንድታምኝልኝ ነው፤ «አልተቀየመችሽም» ብቻ ብልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የጀመራት ቀኝ እጇን ነው። ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጣል፤ ስኒ ሲያነሣ ጸጥ ይላል። ጎረቤት «ብርድ ነው» አለ፤ እኔ ሐዘን ነው አልኩ። ጠበል ወሰድኳት። በጠበሉ አልቀልድም፤ «እጇን ለሐኪምም አሳዩ» ብለው የመለሱን እዚያው ያሉ አባት ናቸው። በ2013 ዓ.ም. 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። አንድም መሣሪያ አላስነሣባትም። ጣቷን ከአውራ ጣቷ ጋር እያገናኘች እንድትለያይ፣ በኮሪደሩ ሄዳ እንድትመለስ አደረጋት። ስትዞር ሰባት ስምንት ትንንሽ እርምጃ ፈጀባት። ቀጥሎ ወረቀት ሰጥቶ የፈለገችውን እንድትጽፍ ጠየቃት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሽታ ትለያለች?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ቡናውን ከምጣዱ ላይ አክስላው፣ ጭሱ ሠፈሩን ሲሞላ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ምንም አልሸተታትም ነበር። ሐኪሙ አልሳቀም። ማሽተት መጥፋቱ መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ዓመት ሊቀድም እንደሚችል ነገረኝ።

ቤት ስመለስ የእቁቡን ደብተር አወጣሁ። ጸሐፊዋ እማዬ እንደነበረች ታውቂያለሽ፤ የስም ጥሪዋን እየቀዳሽ ታስቂን አልነበር! በ2005 ፊደሏ የደብተሩን መስመር ሞልቶ እንደ ዘበኛ ቆሟል። በ2009 ግማሹን ያህላል። አንቺ በሄድሽበት በ2011 ጉንዳን ነው፤ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉንዳኑም ያንሳል። ሕመሟ ከብሩ ጎን ለጎን ሲመዘገብ ኖሮ አንባቢ አጥቶ ነው።

ያን ጊዜ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የሒሳብ አስተማሪ ሐኪም አይሆንም፤ የሚገባኝ እስኪገባኝ ድረስ ግን ሰው አላስቀምጥም፤ ያችን ጠባዬን ታውቂያለሽ። ከዚህ በታች የምጽፈው የሳይንቲስቶቹ ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። በአንዱ ሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ነው፦ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉ ትንንሽ በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ይገባል፣ ወዲያው ፖታሲየም ይወጣል፤ ግርግሩ እንደ ሠርግ ቤት እልልታ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ጫፍ ይደርሳል። ፈጣኑ ነርቭ በሴኮንድ ከ100 ሜትር በላይ ያስኬደዋል፤ የሕመሙ ዘገምተኛ ነርቭ 1 ሜትር ገደማ። እግርሽን ድንጋይ ሲመታሽ መመታትሽን ቀድመሽ የምታውቂው፣ ጥዝጣዜው ግን ዘግየት ብሎ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ደስ አይልም? እኔን ይህ ብቻ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ታዲያ ሕዋስና ሕዋስ በአብዛኛው አይነካኩም። በመካከላቸው ከአንድ ሚሊሜትር ሃምሳ ሺህ እጅ ያህል የሚያንስ ክፍተት አለ። መልእክቱ ያንን እንዴት ይሻገራል የሚለው ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን አከራክሯል። ነገሩን የቆረጠው ካንቺ ከቪየና በስተደቡብ፣ ግራትስ ከተማ የነበረ ኦቶ ሌቪ የሚባል ሰው ነው። ሌሊት በሕልሙ አንድ ሙከራ ታየው፤ ተነሥቶ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሞነጫጨረና ተኛ። ጠዋት የራሱን ጽሕፈት ማንበብ አቃተው! በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስለት አልተኛም፤ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦች ወሰደ፤ የአንደኛውን ነርቭ ቀስቅሶ ምቱን አዘገየው፤ ከዚያ ያ ልብ የተነከረበትን ፈሳሽ ለሁለተኛው ሰጠው። ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ስለዚህ ነርቭ የሚያወራው ኬሚካል እየረጨ ነው ማለት ነው። ውጤቱን በ1921 አወጣው፤ በ1936 ኖቤል ተሸለመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ናዚዎች አይሁዳዊ ነህ ብለው አሰሩት፤ ከአገር ለመውጣትም የሽልማቱን ገንዘብ አስረከቡት።

መድኃኒትም ሆነ ሱስ ጉዳዩ ያለው በዚያች ክፍተት ነው። ማዶ ያለው ሕዋስ ለእያንዳንዱ ኬሚካል መቀመጫ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንዳንዱ ባዕድ ነገር የባለቤቱን መልክ ይዞ መቀመጫው ላይ ይሠየምና የባለቤቱን ሥራ ይሠራል። አንዳንዱ ይቀመጥና ዝም ይላል፤ ዝም ብሎ ቦታ መያዙ ብቻ ባለቤቱን ያስቀረዋል። ቡናችን ከሁለተኛው ወገን ነው። ስንውል አዴኖሲን የሚባል የድካም መልእክተኛ በአንጎላችን ይጠራቀማል፤ ካፌይን መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ ወሬው አልደረሰም እንጂ። ማታ ጠጥተሽ «እኔን እንቅልፍ አይነሣኝም» የምትይው ነገር ከሰዓታት በኋላም ግማሹ ደምሽ ውስጥ ነው። ጫት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ካቲኖን የሚሉት ነገሩ ዶፓሚን የሚባለውን ሌላ መልእክተኛ ከተከማቸበት ሕዋስ ገፍቶ ያስወጣዋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚከስም ነው ነጋዴው ትኩሱን ይዞ እንደዚያ የሚከንፈው።

የእማዬ ነገር ያለው እዚሁ ዶፓሚን ላይ ነው። በመካከለኛው አንጎል ሊቃውንቱ በላቲን «ጥቁሩ ነገር» የሚሉት ትንሽ ስፍራ አለ። እዚያ ያሉት ሕዋሳት ዶፓሚን እያመነጩ እንቅስቃሴያችንን ያቃናሉ፤ በፓርኪንሰን አንድ በአንድ ይሞታሉ። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግማሽ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አልቀዋል። ጡንቻዋ አልደከመም፤ ሽባም አይደለችም። የሄደባት ሳይታሰብ የሚሠራው ነገር ነው፦ ስንሄድ የእጃችን መወዛወዝ፣ የዓይናችን መርገብገብ፣ ሰው ሲመጣ ፊታችን ራሱ የሚፈታው ነገር። «ፈገግ በዪ» ብትባል ፈገግ ትላለች። ሳትጠራው የሚመጣው ፈገግታ ነው የቀረባት። አፈጠጡብኝ ያልሽውም ዓይኗ አልረገብ ብሎ ነው። ልቧ ከንፈሯ ላይ የሚደርስበት መንገድ ተዘግቶ አንቺን ስታይ እዚያው ውስጧ ስትስቅ ነበር። «ያን ቀን ልጅቷን ሳያት አልቅሼም ስቄም ነበር እኮ» ያለችኝ ራሷ ናት፤ እኛ ግን አንዱንም አላየን።

መፍትሔው እንግዲህ ዶፓሚን መስጠት ይመስላል። አይቻልም፤ በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለ፣ ዶፓሚን አያልፈውም። የሚያልፈው ወላጁ ሌቮዶፓ ነው፤ ተሻግሮ እዚያው ዶፓሚን ይሆናል። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬዘርፒን በሚባል መድኃኒት ደንዝዘው የቀሩ ጥንቸሎችን ይህንኑ ወግቶ አስነሣቸው። የሰውን ጉዳይ የቋጨው ግን ያንቺው ከተማ ነው። ኦሌ ሆርኒኪየቪች በ1960 ቪየና ውስጥ የሞቱ ሕሙማንን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ መመናመኑን አገኘ፤ በዓመቱ ከቫልተር ቢርክማየር ጋር ሆኖ በላይንስ የአረጋውያን መኖሪያ ለነበሩ ሕሙማን ሌቮዶፓን በደም ሥር ሰጡ። ከተኙበት መነሣት ያቃታቸው ተነሥተው ተራመዱ፤ ለሰዓታት ብቻ ቢሆንም። አንድ እሑድ በላይንስ በኩል ካለፍሽ ስለ እማዬ ብለሽ ቀና በዪ።

አሁን የምነግርሽን ስሰማ ግን እልል ነው ያልኩት። ሌቮዶፓ ባቄላ ውስጥ አለ! በ1913 ማርኩስ ጉገንሃይም የሚባል ኬሚስት ባዝል ላይ ከባቄላ አውጥቶ ለራሱ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ዋጠና አስመለሰው። ያኔ ለምን እንደሚጠቅም ማንም አላወቀም። እኛ በጥቅምት እሸቱን ስንፈለፍል ኖረናል። እማዬ ይህን ስትሰማ «ክኒኑን ተይውና እሸት ግዢልኝ» አለችኝ። መጠኑ ከማሳ ማሳ፣ ከእሸት ደረቅ ስለሚለያይ ክኒን አይተካም ብዬ ለመንኳት፤ ሁለቱንም እየበላች እንዳትጠግብም ተቆጣሁ።

ክኒኗ 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓና 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ነው። ካርቢዶፓው ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳይለወጥ የሚጠብቅ አጃቢ ነው። በመጀመሪያው ወር ተአምር አየን፤ ነጠላዋን ራሷ አጣፋች። ማቅለሽለሹ ግን በረታባት። አንድ መድኃኒት ቤት ሄድኩና «ለሚያስመልሳት ሰው» ብዬ ሜቶክሎፕራማይድ ይዤ መጣሁ። የምትወስደውን ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን ደርቃ ቀረች፤ ማንኪያ ከአፏ አልደርስ አለ። ለካ ያ መድኃኒት የማቅለሽለሽን ስሜት የሚያስታግሠው በዶፓሚን መቀመጫ ላይ ዝም ብሎ በመቀመጥ ነው፤ አጥሩንም ያልፋል። በአንድ እጄ እየሰጠሁ በሌላው እነጥቃት ነበር። ሐኪሙ በስልክ ሲያስቆመኝ አለቀስኩ። ቀስ በቀስ ተመለሰች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ መጠኑ ሲጨመርላት ግቢው ውስጥ የሌሉ ልጆች ታዩአት። «እነዚህ ልጆች ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቆሎ ስጫቸው» ትለኛለች፣ በእርጋታ። ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ በየሠፈሩ የተለያየ ሥራ አለው፤ ክኒኑ ደግሞ «እኔ ወደ እንቅስቃሴው ሠፈር ብቻ ነው የምሄደው» አይልም። ሲቀነስላት ልጆቹ ሄዱ። ትንሽ ናፍቃቸዋለች ብልሽ ታምኚኛለሽ?

የጾሙ ነገር ትልቁ ጭንቄ ነበር። የንስሐ አባቷ ክኒኑን በውኃ እንድትወስድ ፈቀዱላት፤ በባዶ ሆድ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ጠቀማት። ሌቮዶፓ ከአንጀትም ሆነ ወደ አንጎል የሚያልፈው ከምግብ ፕሮቲን በሚገኙት አሚኖ አሲዶች በር ስለሆነ፣ ከሽሮና ከምስር ጋር ከዋጠችው ይጋፉታል። ስለዚህ ክኒኑ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይቀድማል። ኃይሉ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፤ በቀን አራት ጊዜ ትወስዳለች፤ በመካከሉ ትበራለች፣ ትጠፋለች፤ እንደ ሠፈራችን መብራት።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትውጣለች፤ 3 ሰዓት ሲሆን ድምፅዋ ይከፈታል። ያ በእናንተ አቆጣጠር አሁን በክረምታችሁ ጠዋት 7 ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ደውይላት። የቪዲዮ አይሁን፤ ፊቷን ትተሽ ድምፅዋን ስሚ። ከጠየቅሻት በኋላ ዝም ካለች አትዝጊባት፤ መልስ እያዘጋጀች ነው። ስለ ጋሼ ቀብር ይቅርታ እንዳትጠይቂያት፤ ነገሩን ጭራሽ አታስታውሰውም፤ ካነሣሽባት ግን ያን ጊዜ በእውነት ትቀየምሻለች።

ያንቺው የድሮዋ ጎረቤት

ይድረስሽ ተጨማሪ፦ ከጀርባው ያለው የእማዬ ጽሕፈት ነው። እርሳስ ይዤ ሰፋፊ መስመር አሰመርኩላት፤ መስመር ሲኖራት ፊደሏ ያድጋል። የመጀመሪያው ቃል ስምሽ ነው፤ የመጨረሻውን ግን መስመሩን ጨርሳ ወደ ባዶው ስለወጣች አጉሊ መነጽር ፈልጊለት።