መንፊያህ አሁንም እኔ ዘንድ ነው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ እንዳትደነግጥ፤ ክፉ ወሬ የለኝም። ሰበብ ልደርድር ብል አያቅተኝም ነበር፤ እውነቱ ግን አፍሬ ነው። አብረን ያቀድነው የብስክሌት ጉዞ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጥዬህ ቀረሁ፤ ለዚያውም የጎማ መንፊያህን እንደያዝኩ። ነገ እደውልለታለሁ እያልኩ ወሩ አለፈ፤ ዝምታው በቆየ ቁጥር ደግሞ መስበሩ እየከበደኝ ሄደ።

ያንን ጉዞ ባለፈው ወር ብቻዬን ሄድኩት። ዘጠኝ ቀን፣ ከአንዷ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዋ።

ዕቅድህ ጥሩ ነበር፤ በአንድ ነገር ግን ተሳስተሃል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ያልከው ለባዶ ብስክሌት ነው። 18 ኪሎ ጓዝ ከኋላ ጭነህ ዳገት ስትጀምር 60ም ብዙ ነው። ከዳገት ይልቅ ያስለቀሰኝ ግን ነፋስ ነው። ዳገት ጫፍ አለው፤ ሲያልቅ ታየዋለህ። በአየር ውስጥ ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ወደ ኋላ የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል ብለህ ስታስረዳኝ በትምህርት ቤት ፊዚክስ ታሰለቸኝ ነበር፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ገባኝ። ከነፋሱ ጋር መታገሉን ትቼ ማርሹን አቀለልኩና አጎንብሼ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳልፈጥን ተጓዝኩ።

ትንንሽ ከተሞች ለብስክሌተኛ የተሠሩ ይመስለኛል። በመኪና ስትሄድ አየሁ ሳትል ያልፋሉ። በብስክሌት ግን መጀመሪያ የውሻ ጩኸት፣ ቀጥሎ የጭስ ሽታ፣ ከዚያ ከጎንህ የሚሮጥ ልጅ ይቀበልሃል። «ቀጣዩ ከተማ ስንት ይቀረዋል?» ብለህ ብትጠይቅ አንዱ አሥር፣ ሌላው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይልሃል። ስለ ዳገቱ የሚነግርህ የለም፤ መኪና ውስጥ ሆኖ ማን አስተውሎት! ከስንቱ ሰው መካከል ያስጠነቀቁኝ አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው በብስክሌት ደብዳቤ ያድሉ ነበር። የጓዜን አስተሳሰር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ከባዱን ወደ ታች፣ ቀላሉን ወደ ላይ አድርገው እንደገና አሰሩልኝ። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ መወዛወዙን ተወ።

አምስተኛው ቀን ላይ፣ ከሁለት ከተሞች መካከል፣ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። የውስጡን ጎማ አውጥቼ ውኃ ውስጥ ስነክረው አረፋ የሚተፋውን ቦታ አገኘሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ማስቲሽ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ተመልሶ ተነፈሰ። ያኔ ድምፅህ መጣብኝ፦ «ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠብቅ፤ ጣትህን ስታሳርፍበት የማይጣበቅ ሲሆን ለጥፍ።» ስንት ጊዜ ነግረኸኛል! እሾኩንም የውጪው ጎማ ውስጥ ትቼው ኖሯል፤ በጣቴ ስዳብስ ወጋኝና ተገኘ። ሁለተኛው ልጥፍ እስካሁን አለ።

ማስቲሹ እስኪደርቅ ቁጭ ብዬ ያ ስለ እሱ ደጋግመህ የምታወራልኝ ቶማስ ስቲቨንስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1886 የፊት ጎማዋ ግዙፍ በሆነች ብስክሌት ዓለምን ሲዞር ጎማው ድፍን ላስቲክ ነበር፤ ደንሎፕ የሚባለው ፈልሳፊ በአየር የሚነፋውን ያወጣው በ1888 ነው። ሰውዬው ወገቡ ይንቀጠቀጥ እንጂ ልጥፍ የሚባል ጣጣ አያውቅም። ይህን ብነግርህ ምን ያህል እንደምትከራከረኝ አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ የሚከራከረኝ ሰው አጠገቤ አለመኖሩ ከነፋሱ በላይ ከበደኝ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት በልቤ እዚያ መንገድ ዳር ነው።

ጎማውን የነፋሁት ባንተው መንፊያ ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ደርቆ አየር ያሾልክ ስለነበር በአዲስ ቀይሬዋለሁ፤ እጀታውንም ጠግኛለሁ። በፖስታ ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። መቼ ቤት እንደምትገኝ ጻፍልኝ፤ በብስክሌት ይዤልህ እመጣለሁ። ካርታውን አይቻለሁ፤ በኔ አካሄድ ሦስት ቀን፣ ነፋሱ ከፊት ከሆነ አራት።

አክባሪ ወዳጅህ