ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ሳታዪ እንዳትወጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ወንድምሽ የላክሽለትን ፎቶ አሳየኝ። ወፎቹ ያምራሉ፤ የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ዱካሽ ላይ ነው። ከዳር ተነስቶ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው ጭቃ መሃል ድረስ ይዘልቃል። ብቻሽን፣ ያውም በዚህ ብርድ!

ባሕር እኩል አይሞላም። ሞልቶ ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከውሃው ግማሽ ያህሉ የሚገባው ግን በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ ቀስ ሲል ያየ ሰው «ገና ነው» ብሎ ይዘናጋል። ደግሞ ከፊት ብቻ አይመጣም። ቀድመው የሚሞሉት ዝቅ ያሉት ቦዮች ናቸው፤ አንቺ ወፍ ላይ አፍጥጠሽ ሳለ መመለሻሽ ከኋላሽ ይዘጋል። አደራ፣ ሰዓቱን ሳታዪ እንዳትወጪ። የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም፤ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችና አዲስ በወጣች ሰሞን ደግሞ ከወትሮው ርቆ ይገባል።

ለመሆኑ ጭቃው ውስጥ ምን አስገባሽ? ወፎቹን ውሃው ራሱ ያመጣልሽ የለ! ሞልቶ ከመጨረሱ ሁለት ሰዓት ቀድመሽ፣ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ ዳር ላይ ቁጭ በይ። ጭቃው ሲጠብባቸው እየተገፉ ይመጣሉ። ተጠጋግተው ካረፉ በኋላ ግን አትጠጊያቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው መራመድ ከጀመሩ በዝተሽባቸዋል፤ ተመለሺ። ባስነሳሻቸው ቁጥር ለብርዱ ያጠራቀሙትን ስብ ያቃጥላሉ።

በብርድ ወራት አብዛኞቹ ግራጫ ስለሚሆኑ በቀለም አትድከሚ፤ ምንቃራቸውንና አረማመዳቸውን እዪ። ሳንደርሊንግ የምትባለው ትንሽ የባሕር ዳር ወፍ ማዕበሉ ሲመለስ ተከትላ ትሮጣለች፣ ሲመጣ ትሸሻለች። እግሯን በቴሌስኮፕ ብታዪው የኋላ ጣት የላትም። ደንሊን የምትባለዋ ወፍ ግን የምንቃሯ ጫፍ ጎንበስ ያለ ነው፤ ጭቃውን እንደ ስፌት መኪና ትወጋጋዋለች።

ጎድዊት የምትባለውን ምንቃረ ረጅም ወፍም ታገኚ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአምስት ወር ገደማ ጎድዊት፣ ጀርባዋ ላይ የሳተላይት መከታተያ ተገጥሞላት፣ ከአላስካ ተነስታ 11 ቀን ሳታርፍ 13,560 ኪሎ ሜትር በርራ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ደሴት ገባች። ያን መንገድ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። እንግዲህ እኔ ይህን እያሰብኩ እንዴት እንቅልፍ ይውሰደኝ? ግን እሷም ብትሆን ስብ ሳታጠራቅም አልተነሳችም፤ አንቺም ትኩስ ነገርና ስንቅ ሳትይዢ አትውጪ።

ባይናኩላሩ 8 በ42፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያቀርበውና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ይበቃሻል። ጨው ሲነካው በደረቅ ጨርቅ እንዳትጠርጊው፣ መስታወቱን ይጭረዋል፤ በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ አስለቅቂው። ስልክሽን ከውስጥ ኪስሽ አድርጊው፣ ብርድ ባትሪውን ይገድለዋል። ጭቃው እግርሽን ከያዘው በጉልበት አትጎትቺ፤ ወደ ኋላ ተንጋለይ፣ ክብደትሽ ይስፋ፣ እግርሽን ቀስ እያልሽ አወዛውዢ፣ ቶሎም ለእርዳታ ደውዪ።

በሞቴ፣ ሰዓቱን ሳታዪ እንዳትወጪ። ነገ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ ዛሬ ማታ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የምትመለሺበትንም ጭምር።

እናትሽ