ሽርጡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት የ6 ዓመት ልጄ ከአልጋ ወድቆ ክንዱ አበጠ። ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ይዤው ሮጥኩ። ራጅ ታዘዘለት። እያለቀሰ ስላስቸገረ ባለሙያው «አንቺ ያዢው» አለኝ። ያዝኩት። ጨረር የሚከላከለው፣ እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠራው ሽርጥ ግድግዳው ላይ አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። ማንም አላለበሰኝም። እርጉዝ መሆን አለመሆኔንም አልጠየቀኝም። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ወረፋ ጠባቂዎች ደጁ ላይ ተኮልኩለዋል።

ሰው ራጅ እንዲፈራ አልፈልግም። የልጄን ስንጥቅ ያሳየን እሱ ነው፤ በጄሶ ታሰረለት። የአንድ የደረት ራጅ ጨረር 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በ10 ቀን ገደማ ከምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይቀራረባል። ጨረሩ ሰውነት ውስጥም አይቀርም። በራጅ ጨረር ሰውነትን ከብዙ አቅጣጫ የሚያነሳው ሲቲ ስካን ግን ሌላ ነው። የደረት ሲቲ ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ አስር እጥፍ ይበልጣል።

ጨረር የሴልን ዘረመል ሊጎዳ ይችላል። ሰውነታችን አብዛኛውን ይጠግናል። ሳይጠገን የቀረው ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ልጆችና ጽንስ ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። እኔን የከነከነኝም ይሄው ነው።

ከጨረሩ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። በር መዝጋት፣ የተሰቀለውን ሽርጥ አውርዶ ማልበስ፣ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስወጣል? እናቶች፣ ካልጠየቋችሁ እናንተው ተናገሩ። የድሮ የራጅ ፊልማችሁንም አትጣሉት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ያዙት፤ ድጋሚ ከመነሳት ሊያድናችሁ ይችላል።

አንዲት እናት
ከአዲስ አበባ