ኮሚኩን ያገደው ሴኔት አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ድሮ አስፈሪ ኮሚኮች (በሥዕል ስለሚተረኩ የታሪክ መጽሔቶች) ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ስታችኋል። «በ1954 የአሜሪካ ሴኔት አስፈሪ ኮሚኮችን አገደ» ብላችኋል (ዓመቶቹን ሁሉ እኔም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሴኔቱ ምንም አላገደም። አሳታሚዎቹን ጠርቶ አፋጠጠ፣ ጋዜጣው ሁሉ ተንጫጫ፣ እነሱም ፈሩና በራሳቸው ላይ ደንብ አወጡ። ቫምፓየር የለም፣ የሚራመድ ሬሳ የለም፣ «ሆረር» (አስፈሪ) የሚል ርዕስ የለም። አከፋፋዮቹ ደግሞ የደንቡ ማኅተም የሌለበትን አንነካም አሉ። በቃ፣ ያለ ምንም ሕግ ገበያው ደረቀ።

ይሄን የማነሳው ለክርክር ብዬ አይደለም። ደንቡ የሚይዘው ባለቀለሙን ትንሹን ኮሚክ ብቻ ስለነበር ነው። ጂም ዋረን የሚባል አሳታሚ ከ1958 ጀምሮ ስለ ጭራቅ ፊልሞች «ፌመስ ሞንስተርስ» የሚባል መጽሔት ያወጣ ነበር። በ1964 «ክሪፒ» የሚባለውን አስፈሪ ኮሚክ ሲጀምር በመጽሔት መጠን ሠራው፣ በጥቁርና ነጭ አተመው፣ 35 ሴንት ለጠፈበት። «እኔ የማወጣው መጽሔት ነው፣ ደንባችሁ አይመለከተኝም» ያለ ያህል ነው፣ አለቀ። «ኢሪ» እና «ቫምፓይሬላ» በኋላ ተከተሉ።

እኔን የገረመኝ ግን የሠዓሊው የጆኒ ክሬግ ነገር ነው። በሴኔቱ ፊት ሴናተር ኬፋቨር ያነሳው የኮሚክ ሽፋን ላይ አንድ ሰው በአንድ እጁ መጥረቢያ፣ በሌላው የተቆረጠ የሴት ጭንቅላት በፀጉሩ አንጠልጥሏል። የኮሚኩ አሳታሚ ቢል ጌይንስ ለአስፈሪ ኮሚክ ምንም ነውር የለበትም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ያን ሽፋን የሳለው ክሬግ ነው። በኋላ ማስታወቂያ ሥራ ገባ፣ ከዓመታት ቆይቶ ለዋረን መጽሔቶች መሳል ሲጀምር የማስታወቂያ ደንበኞቹ እንዳያውቁበት «ጄይ ቴይሲ» በሚል ስም ፈረመ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው ሥዕሉን ያየሁት። መስመሩ ንጹሕ፣ ጥላው በውሃ በቀጠነ ቀለም የተቀባ፣ የፈራው ሰውዬ ፊት ላይ ላቡ ሳይቀር ይታያል። ይሄ ጄይ ቴይሲ የት ጠፍቶ ኖሮ ነው እያልኩ ስንት ቀን ፈለግሁት መሰላችሁ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ማይረን ፋስ የሚባል አሳታሚ የ50ዎቹን ታሪኮች ደም ጨምረው እንደገና እንዲስሉለት እያደረገ እነ «ዊርድ» የሚባሉ መጽሔቶችን ያወጣ ነበር። አንዱን ገዝቼ ሳልጨርሰው ተውኩት። ዓይን ሲፈነዳ ለማየት ብቻ ካልሆነ በስተቀር ምኑ ይነበባል!

የኔዎቹን ያገኘሁት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ካርቶን ሙሉ ነው። ባለቤቴ አንዱን ገልጣ አየችና «ጠበል ሳይረጭበት ቤቴ አይገባም» አለች። ልጄ ደግሞ ኮሚክ ሲባል የሚያስቅ ነገር መስሎት ሮጦ መጣ፣ ሁለት ገጽ አይቶ ሄደ። ማታ መብራት አናጠፋም ብሎ አስቸገረን። እኔ በሱ ዕድሜ ቡዳ ጅብ ሆኖ ሲዞር የሚያወሩልኝ አያቴ ነበሩ፣ ያውም መብራት በሌለበት።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን አሳርሮታል። በነዚህ መጽሔቶች መጨረሻ የላስቲክ ጭንብልና ፊልም በፖስታ የሚታዘዝበት ቅጽ አለ፣ ቆርጠህ ሞልተህ የምትልከው። የድሮው ባለቤት ከአንዱ ላይ በመቀስ ጥንቅቅ አድርጎ ቆርጦታል። ቅጹ ጀርባ የታሪኩ የመጨረሻ ሥዕል ነበር። ሰውዬው ሻማ ይዞ ምድር ቤት ይወርዳል፣ በሩን ይገፋል፣ ከዚያ አራት ማዕዘን ቀዳዳ። ሽፋኑም ስለተገነጠለ የትኛው እትም እንደሆነ አላውቅም። «ክሪፒ»ን ዳርክ ሆርስ የሚባል አሳታሚ ከ2008 ጀምሮ በጠንካራ ሽፋን መልሶ ስላሳተመው ጥራዝ በጥራዝ እየፈለግሁ ነው። እስካሁን አራተኛው ላይ ነኝ፣ ሻማ የያዘ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ