ከካርሉ ካርሉ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እዚያ በረሃ ውስጥ ደግሞ ምን ይታያል?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ድንጋይ አለ፣ አባባ። እርስዎ ቢያዩት ግን የጂኦግራፊ ተማሪዎችዎን ሁሉ ያስጠሩ ነበር።

ቅዳሜ በአውስትራሊያ እምብርት ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ካርሉ ካርሉ ደረስን። ጥብቅ ሥፍራው 1,800 ሄክታር ገደማ ነው፤ ለዚህ አገር ስፋት ጓሮ ማለት ነው። ቀይ ሜዳ ላይ ክብ ክብ የግራናይት ቋጥኞች፣ አንዳንዱ ስድስት ሜትር የሚደርስ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጧል። አንደኛው በቢላዋ እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ከመካከሉ ለሁለት ተከፍሏል። ድሮ ከመሬት በታች የቀዘቀዘ የቀለጠ አለት ነበር። ውኃ በስንጥቁ እየገባ ማዕዘኑን በልቶ አከበበው፤ ዛሬም እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

ነጮቹ «የሰይጣን ብይ» አሉት። የምድሩ ባለቤቶች የሆኑት ነባር ሕዝቦች፣ እነዋሩሙንጉና ካይተትዬ፣ ግን ካርሉ ካርሉ ይሉታል፣ ክብ ድንጋዮች ማለት ነው። ቅዱስ ሥፍራቸው ስለሆነ ምሥጢሩን ለመንገደኛ ሁሉ አይገልጡም። የመቅደስ መጋረጃ እያየ ላደገ ሰው ይህ አይከብደውም።

በፈረንጆች 1953 ከቋጥኞቹ አንዱ ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ተጭኖ አሊስ ስፕሪንግስ ተወሰደ፤ በአውሮፕላን ሐኪም የሚያደርሰውን የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ለመሠረቱት ለቄስ ጆን ፍሊን መቃብር መታሰቢያ ተብሎ። ባለቤቶቹ ለአሥርተ ዓመታት ተሟግተው በ1990ዎቹ መጨረሻ አስመለሱት። የአሊስ ስፕሪንግስ ነባር ሕዝብ አረርንቴዎች ደግሞ ከራሳቸው ምድር ሌላ ድንጋይ ሰጡ፤ መቃብሩ ባዶውን አልቀረም። ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፤ የተበደለ ሰው ለበዳዩ ሙት ሲያስብ።

ጣልያን የወሰደው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመጣ ሬዲዮኑን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው፣ ማንም እንዳይናገር በእጅዎ ሲከለክሉን ትዝ አለኝ። ሐውልቱ ቆሞ በተመረቀ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2008 በፈረንጆች፣ የካርሉ ካርሉም መሬት ለባለቤቶቹ ተመለሰ። እነርሱም ለ99 ዓመት መልሰው ለመንግሥት አከራዩት፤ አሁን አብረው ያስተዳድሩታል።

ለጠረጴዛዎ የምትሆን ጠጠር አንሥቼ ኪሴ ከትቼ ነበር። መኪናው ጋ ስደርስ ተመልሼ ካነሣሁበት አኖርኳት። ስለዚህ የላክሁልዎ ፎቶግራፍና የጉልበት ቅባት ብቻ ነው፤ ቅባቱን ማታ ማታ ይቀቡት። እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ